ፌስታሉ ለምን ተበሳ፦ ለቤት ሰራሽ የሃይ ቮልቴጅ ኮንደንሰር ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?

ወንድሜ ሰላም ነህ? ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው ሌላም ሰው ስለሚያነበው። ደሴ 12ኛ ክፍል ነህ፣ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን በሁለት የፕላስቲክ ዲስክ ዊምሸርስት ማሽን (በእጅ እየዞረ ሃይ ቮልቴጅ የሚያመነጭ) ሰርተሃል፣ ብልጭታው ቀጭን ስለሆነብህ ኮንደንሰር ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅም ነገር ልትጨምርለት ፈለግክ፣ ፌስታል 10 ንብብር አድርገህ በግራና በቀኝ የኩሽና ፎይል ለጥፈህ ሞከርክ፣ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ ጧ ብሎ ተበሳ። አንዱ ጓደኛህ 3 ሚሊሜትር የመስኮት መስታወት ተጠቀም አለህ፣ ሌላው ደግሞ ማሽኑን ተወውና የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር አመጣልሃለሁ እሱ ይሙላልህ አለ። አንተ የጠየቅከው ለ15 ኪሎ ቮልት ስንት ሚሊሜትር ፕላስቲክ ያስፈልገኛል ነው።

ከሁሉም በፊት የማይክሮዌቩን ነገር እንጨርሰው። አይሆንም። በጭራሽ። ዊምሸርስት ማሽን ቮልቴጁ ቢበዛም የሚሰጠው ከረንት በማይክሮ አምፒር ነው፣ ዲስኩ በእጅ እየዞረ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ግን 2 ሺህ ቮልት ገደማ ይሰጥሃል ከጀርባው ደግሞ ግማሽ አምፒርና ከዚያም በላይ አለ፣ አንዴ ከያዘህ አይለቅህም፣ በዓለም ላይ እቤታቸው ሲሞክሩ ስንቱን ገድሏል። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም አውቃለሁ ግን ያንን ብረት ወደ ትምህርት ቤት ግቢ እንዳያስገባው፣ አደራ።

አሁን ወደ ውፍረቱ። እኔ ኮምቦልቻ ሞተር ስጠመጥም 17 ዓመት ሆነኝ፣ የሚበሳና የማይበሳ ኢንሱሌሽን መለየት እንጀራዬ ነው፣ በመሃል ደግሞ ለተማሪዎች እንዲህ ያለ ነገር ስሰራ ቆይቻለሁ። ጥያቄህ ሸጋ ጥያቄ ነው ግን አንድ ነገር ቀርቶበታል፣ 15 ኪሎ ቮልት መሆኑን በምን አወቅክ? ማሽንህ ላይ ቮልቲሜትር የለህም። ቮልቴጁን የሚወስነው በሁለቱ የብረት ኳሶች መሃል ያለው ክፍተት ነው፣ አየሩ እስኪሰበር ድረስ ቮልቴጁ ይወጣል ከዚያ ይፈነዳል ይወርዳል። በጻፍከው ላይ ኳሶቹን 3 ሳንቲ ሜትር አራርቄ ነበር ብለሃል። እንግዲህ በ3 ሳንቲ ሜትር ላይ ማሽኑ ከቻለ ከ15 አልፎ ብዙ ይሄዳል፣ ኳሶቹ መሃል ብልጭታ ሳይመጣ በፊት ደካማው ቦታ ማለትም ፌስታሉ ቀደመ። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍተቱን ወስን ከዚያ ነው ውፍረት የሚመጣው።

ክፍተቱ ላይ የደሴ ነገር ይገባበታል። መጽሐፍ ላይ አየር በ1 ሚሊሜትር 3 ኪሎ ቮልት ይችላል ይላል አይደል? እሱ የባህር ጠለል ቁጥር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፣ የአየሩ ግፊት እዛ ከባህር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ደሴ ላይ 2.2 ወይም 2.3 ብለህ ያዝ፣ እኛ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን 2.4 አካባቢ እንይዛለን። ለስላሳ ክብ ኳስ ካለህ ደሴ ላይ 15 ኪሎ ቮልት ማለት በግምት የ6 ሚሊሜትር ክፍተት ነው። ኳሶቹን 6 ሚሊሜትር ላይ አጥብቀህ እሰራቸውና እንዳይንቀሳቀሱ አድርግ፣ ያ ክፍተት ለኮንደንሰርህ እንደ ፕሬዠር ኩከር ቫልቭ ነው፣ ከዚያ በላይ ግፊት አይደርስበትም። ይህንን ሳታደርግ 2 ሚሊሜትርም ብትደርብ አንድ ቀን ይበሳል።

እሺ 15 ኪሎ ቮልት በቃ ተቆረጠ እንበል። ፌስታልህ ስንት ነበር? ፌስታል አንዱ ንብብር በግምት 0.02 ሚሊሜትር ነው (ራስህ ለካው፣ 20 ደርበህ በማይክሮሜትር ያዝና ለ20 አካፍል፣ አንዱን ብቻ ከለካህ ይሸውድሃል) 10 ንብብር 0.2 ሚሊሜትር መጣ። 15 ለ0.2 ስታካፍል በ1 ሚሊሜትር 75 ኪሎ ቮልት እያሸከምከው ነው። በላብራቶሪ የተሰራ ንጹህ ስስ ፊልም ይህን ሊችል ይችላል፣ ሰንጠረዥ ላይ ከ200 በላይ የተጻፈለትም አለ፣ የገበያ ፌስታል ግን ለሽንኩርት ነው የተሰራው፣ ብዙው ተቀልጦ ዳግም የተሰራ ነው፣ ውስጡ አቧራ አለ ቀዳዳ አለ፣ ጥቁሩ ደግሞ ቀለሙ ካርቦን ስለሆነ ጭራሽ አይነካም።

የሰንጠረዥ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ፕላስቲክ በ1 ሚሊሜትር ይህን ያህል ይችላል የሚለው ቁጥር በምን ውፍረት እንደተለካ ካላየህ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ውፍረቱን እጥፍ ስታደርገው የሚችለው ቮልቴጅ እጥፍ አይሆንም፣ አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ ነው የሚያድገው። ወፍራም ነገር ውስጥ እንከን የመኖር ዕድሉ ይጨምራል ሙቀቱም በቀላሉ አይወጣም። ለዚህ ነው አንድ ወፍራም ከምትገዛ ብዙ ስስ መደረብ የሚሻለው። እንጀራ ተደራርቦ አይተሃል፣ እያንዳንዱ ዓይን አለው ግን የላይኛው ዓይን ከታችኛው ዓይን ጋር ገጥሞ ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ ቀዳዳ አታገኝም። ፊልምም እንደዚያ ነው፣ ያንዱን ቀዳዳ ሌላው ይሸፍነዋል።

እኔ ለእንደዚህ ያለ እቤት የሚሰራ ነገር፣ ቀጥተኛ ማለትም ዲሲ ቮልቴጅ ከሆነና አየሩ በዘይት ከወጣ፣ ለፖሊስተር ፊልም በ1 ሚሊሜትር ከ15 ኪሎ ቮልት አላልፍም። በደረቁ ከሆነ ከ10 አላልፍም። ፊልሙ ራሱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይችላል አውቃለሁ፣ ይህን ያህል የምወርደው ለፊልሙ ብዬ ሳይሆን ለጠርዙ ብዬ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ስለዚህ 15 ኪሎ ቮልት በዘይት ውስጥ ወደ 1 ሚሊሜትር። ይኸው መልስህ ይህ ነው። ፊልሙን ከየት ላምጣ ካልክ የቆየ የራጅ ፊልም ፈልግ። ሰው ሁሉ አልጋው ስር ያስቀመጠው አለ፣ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ማንም አይፈልገውም። የራጅ ፊልም ፖሊስተር ነው፣ ውፍረቱ 0.175 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ጥራቱ ደግሞ ለህክምና የተሰራ ስለሆነ ፌስታል አጠገቡ አይደርስም። ጥቁሩ ነገር ብር ያለበት ጄላቲን ነው፣ እሱን ማስወገድ አለብህ። በረኪና በውሃ አቅጥነህ ሰፊ ሳህን ውስጥ ዘርጋው፣ ጓንት አድርግ፣ ውጭ ደጅ ላይ ይሁን፣ በረኪናውን ከአሲድም ከሌላ ማጽጃም ጋር እንዳትቀላቅል። ትንሽ ቆይቶ ጥቁሩ እንደ ንፍጥ እየተላቀቀ ይመጣል በስፖንጅ ስታሸው መስታወት የመሰለ ንጹህ ፊልም ይወጣል። በደንብ በንጹህ ውሃ አለቅልቀህ ጥላ ላይ አንጠልጥለው፣ ሲደርቅ ወደ ብርሃን ይዘህ ጭረት ካለው አውጣው።

6 ሉክ ደርብ። 6 ጊዜ 0.175 ማለት 1.05 ሚሊሜትር። ትልቁ የራጅ ፊልም 35 በ43 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ፎይሉን ከአራቱም ጠርዝ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብተህ 27 በ35 አድርገህ ቁረጠው። ካፓሲታንሱን ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅሙን ስታሰላው (8.854 ፒኮ ፋራድ በሜትር፣ ጊዜ የፖሊስተሩ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት 3.2፣ ጊዜ ስፋቱ 0.0945 ካሬ ሜትር፣ ሲካፈል ለ0.00105 ሜትር) 2.5 ናኖ ፋራድ ገደማ ይመጣል። በ15 ኪሎ ቮልት ስትሞላው የሚይዘው ጉልበት 0.3 ጁል አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል ግን ከያዘህ እጅህን አስወርውሮ ከወንበር ይጥልሃል፣ ብልጭታው ደግሞ ከቀጭኑ ሰማያዊ ክር ተነስቶ ነጭ ሆኖ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ለኤግዚቢሽን ይህ ይበቃሃል፣ ከዚህ አታብዛው። 10 ጁል ሲደርስ ልብ ማቆም ይችላል፣ ጉልበቱ ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፣ ቮልቴጅ እጥፍ ጉልበት 4 እጥፍ።

ለደህንነት ብዬ ለምን 2 ሚሊሜትር አላደርገውም ብትል ማድረግ ትችላለህ ግን ዋጋውን እወቀው። ውፍረት እጥፍ ሲሆን ካፓሲታንሱ ግማሽ ይሆናል፣ ያንኑ 2.5 ናኖ ፋራድ ለማግኘት ስፋቱንም እጥፍ ማድረግ አለብህ፣ ባጠቃላይ 4 እጥፍ ፕላስቲክ ገባ ማለት ነው ለዚያው ብልጭታ። ስፋት ሲጨምር ደግሞ እንከን የመገኘቱ ዕድል አብሮ ይጨምራል። ሲወፍር ይሻላል የሚለው ነገር እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው እውነት።

የመስታወቱ ነገር፣ ጓደኛህ አልተሳሳተም። የመስታወት ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ከፖሊስተር ከእጥፍ በላይ ነው፣ 7 ገደማ፣ ስለዚህ 3 ሚሊሜትር መስታወት በዚያው ስፋት ወደ 1.9 ናኖ ፋራድ ይሰጥሃል፣ የሚሸከመውም በ1 ሚሊሜትር 5 ኪሎ ቮልት ብቻ ነው፣ ይችለዋል። ጥንት አሜሪካዊው ሳይንቲስት እነ ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በጠፍጣፋ መስታወት ሰርተዋል። ችግሩ የመስኮት መስታወት ላዩ እርጥበት ይወዳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ክፍል ውስጥ ሲገባ ቻርጁ በጠርዙ ላይ ይሳብና እስኪሞላ ብትዞር ብትዞር አይሞላም። መስታወት ከመረጥክ ፎይሉ ያልደረሰበትን ዳር ሁሉ በአልኮል ጠርገህ የሞተር ቫርኒሽ ቀባው። ጠርሙስ ግን አልወድም፣ ታቹ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ጎኑ ላይ አንድ ቦታ 1 ሚሊሜትር የሆነ ጠርሙስ ሰብሬ አይቻለሁ፣ ኮንደንሰር ደግሞ የሚችለው በስሱ ቦታው ልክ ነው።

አሁን ጠርዙ። የዛሬ ስድስት ዓመት አካባቢ ለአንድ ተማሪ እንዳንተው ፎይልና ፊልም ደርቤ በደረቁ ሰራሁለት፣ ውፍረቱ በስሌት ከበቂ በላይ ነበር፣ የሞላነውም ከአሮጌ ቲቪ በወጣ ፍላይባክ (የቲቪው ሃይ ቮልቴጅ ትራንስፎርመር) ነበር። ማታ ሱቁን ዘግቼ መብራት አጥፍቼ ስሞክረው ምንም ብልጭታ የለም ግን ድምፅ አለ፣ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው አይነት ቸስስ የሚል፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ደግሞ ክፍሉን ሞላው፣ ኦዞን ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ በፎይሉ ዙሪያ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ሀምራዊ መስመር እየበራ ነው፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ እንደ ትንሽ ብሩሽ ወጣ ብሏል። በነጋታው እየሰራ እያለ ተበሳ። ፈታሁት፣ ፊልሙ መሃል ለመሃል አዲስ ነው፣ ፎይሉ ያለቀበት ቦታ ላይ ግን ነጭ ሆኖ ሻክሯል፣ በጣትህ ስትዳስሰው ዱቄት ይመስላል፣ ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ታክላለች ዙሪያዋ ቡናማ ሆኖ ተቃጥሏል፣ የት ነው ካልክ ልክ ማዕዘኑ ላይ። ከዚያ ወዲህ የተበሳ ኮንደንሰር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው፣ ያንተንም ፌስታል አይተህ ንገረኝ፣ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ከሆነ ኮሮና ነው፣ መሃል ላይ ከሆነ የፌስታሉ እንከን ነው።

ኮሮና የሚባለው እንዲህ ነው። በፊልሙና በፎይሉ መሃል የቀረ ትንሽ አየር ከፊልሙ ጋር በተርታ ነው የቆመው፣ የፊልሙ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት 3.2 ስለሆነ አየሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ከፊልሙ 3.2 እጥፍ ነው። ፊልሙ በ1 ሚሊሜትር 14 ተሸክሟል እንበል አየሩ 45 ደረሰበት፣ አየር ደግሞ የሁሉም ደካማ ነው፣ ስስ ሲሆን ትንሽ ቢጠነክርም ይህን አይችልም። ይሰበራል፣ ፊልሙን በትንሽ በትንሹ ይበላዋል። ይህ ነገር በውፍረት አይድንም፣ አየሩን በማውጣት ነው የሚድነው። ዲሲ ላይ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ብሎ ይረጋል፣ ኤሲ ማለትም አቅጣጫው የሚለዋወጥ ቮልቴጅ ላይ ግን በየዙሩ ይደጋገማል፣ ለዚህ ነው ለኤሲ የምትሰራ ከሆነ ጫናውን ወደ አንድ ሦስተኛ አውርደው የምለው፣ ስታሰላም የኤሲውን ፒክ ማለትም ከፍተኛ ጫፉን ያዝ፣ ግድግዳው ላይ 220 የምንለው ፒኩ 311 ነው። ቴስላ ኮይል ለሚሰሩ ደግሞ ይህ ጽሑፍ አይሆናቸውም፣ ፖሊስተርም መስታወትም በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ይሞቃሉ፣ ለነሱ ፖሊፕሮፒሊን ወይ ፖሊኤትሊን ነው።

አየሩን የምታወጣው በዘይት ነው። ፋርማሲ ሊኩዊድ ፓራፊን በለው፣ ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው፣ ንጹህ የማዕድን ዘይት ነው። የምግብ ዘይት አይሁን፣ ውሃ ይይዛል ይበላሻል። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የተቀዳ ዘይት ደግሞ ማንም በነጻ ቢሰጥህ እንዳትነካ፣ የድሮዎቹ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፣ በቆዳ ይገባል ካንሰር ያመጣል።

አሰራሩ፣ የፎይሉን ማዕዘን የ10 ወይም የ50 ሳንቲም ገንዘብ አስቀምጠህ በዙሪያው ክብ አድርገህ ቁረጥ፣ ሹል ማዕዘን አታስቀር፣ ጠርዙን ደግሞ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እጠፈው እንዲለሰልስ። ከፎይሉ የሚወጣው ምላስ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ይውጣ፣ አንድ ጎን ላይ አይገናኙ። ሰፊ የፕላስቲክ ትሪ ውስጥ አንድ ፎይል፣ ዘይት፣ ፊልም፣ ዘይት፣ ፊልም እያልክ ደርብ፣ በእያንዳንዱ ላይ በድሮ የስልክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋህ አረፋውን አስወጣ፣ ወደ መብራት ስታየው አረፋ ብርማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታይሃል፣ አንድም እንዳይቀር። ከላይ ጣውላ ጭነህ አንድ ቀን አሳድረው ከዚያ ዘይቱ 1 ሳንቲ ሜትር ከላዩ እስኪያልፍ ሙላ። ዘይት እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ ኳሶቹ ከትሪው ራቅ ይበሉ በሽቦ አገናኛቸው።

ሙከራውን ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ክፍተቱን ከ2 ሚሊሜትር ጀምረህ 3፣ 4 እያልክ ከፍ አድርግ፣ በየደረጃው 5 ደቂቃ ስማ። ቸስስ ካለ ወይ ሀምራዊ ካየህ አቁም፣ አረፋ አለ ማለት ነው። 6 ላይ ዝም ካለ አለቀ።

ቻርጁን የምታወጣበትን ማውረጃ ግን ከኮንደንሰሩ በፊት ነው የምትሰራው። 30 ሪዚስተር እያንዳንዱ 1 ሜጋ ኦም ግማሽ ዋት በተርታ በይደህ፣ ረጅም ደረቅ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባው፣ በሁለቱም ጫፍ ሽቦ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አንድ እጅህን ኪስ ከተህ በሌላው ማውረጃውን ለ2 ሰከንድ አስነካ፣ ከዚያ ሁለቱን ፎይሎች በሽቦ አገናኝተህ ሽቦውን እዛው ተወው። ለምን ካልክ ፖሊስተር ቻርጅ ይደብቃል፣ ባዶ አደረግኩት ብለህ ዞር ስትል ከደቂቃዎች በኋላ ራሱን መልሶ ይሞላል፣ ሙሉውን ባይሆንም የሚያስደነግጥ ያህል። ፍራንክሊን እንኳ በፈረንጆቹ ታህሣሥ 1750 በሁለት ትልልቅ የላይደን ጠርሙስ (ከመስታወት ጠርሙስ የተሰራ ኮንደንሰር) ቱርክ የሚባለውን ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ ሊገድል ሲል ራሱን መትቶ ራሱን ስቶ ነበር፣ ሰው እያወራው ሀሳቡ ስለተከፈለ ነው። ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ የሚያወራህ ሰው ይበዛል፣ ስለዚህ አንድ ጓደኛህ ስራው ሽቦውን ማስነካት ብቻ ይሁን፣ ልጆች ከጠረጴዛው አንድ ሜትር ይራቁ፣ የልብ ህመም ያለበት ሰው ካለም ቀድመህ ጠይቅ።

ማይክሮሜትር ከሌለህ ወይ ፊልሙ ከጠፋብህ ኮምቦልቻ ስትወርድ ና፣ የሞተር ኢንሱሌሽን የሚሆን 0.25 ሚሊሜትር ፖሊስተር አለኝ፣ በሱ ከሆነ 4 ሉክ ነው የሚያስፈልግህ፣ ሜገርም (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ስላለኝ ከመሙላትህ በፊት በ1,000 ቮልት እንለካዋለን። የተበሳውን ፌስታል ይዘህ ና እንዳትጥለው፣ ቀዳዳውን አብረን እናየዋለን።